እትዬ ዘነበችን ያመሰገንኩ ቀን

ነገሩ የሆነው የከተማው ባቡር ሥራ በጀመረ ሰሞን ነው። ያን ጊዜ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ሰባት ቤተሰብ በአንድ ቧንቧ በሚጠቀምበት የቀበሌ ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። ይህን ያህል ዓመት አልፎ የማይረሳኝ፣ በክፋት ያደረግኩት ስላልነበረ ይመስለኛል። በክፋት ቢሆን ኖሮ ንስሐ ገብቼ እገላገለው ነበር። «አባ፣ ሰው አመስግኜ አጠፋሁ» ብሎ ማስረዳት ግን ይከብዳል።

መርካቶ የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጥ ሱቅ ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ስሸጥ የምውለው ቢላ ሦስት ሽንኩርት ከከተፉበት ይዶለዱማል። ደንበኛ ተናዶ ሲመልሰው እርስዎ አያያዙን አላወቁበትም ብዬ በፈገግታ እሸኘዋለሁ። ምላሴ ለንግድ የተሠራች ናት። ኋላ ጉድ የሠራችኝም እሷ ናት።

አንድ ቀን ስልኬ ላይ ደማስቆ ስለሚባል ቢላ ቪዲዮ አየሁ። ሁለት ዓይነት ብረት ይደራረባል፣ በእሳት ይጣበቃል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይታጠፋል፣ እንደገና ይቀጠቀጣል። ሲያልቅ ገላው ላይ የውኃ ሞገድ የመሰለ መስመር ይወጣበታል። ቪዲዮውን ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። በቃ፣ ያዘኝ። አንዳንዱን ሰው ቁማር ይይዘዋል፣ እኔን ቢላ ያዘኝ።

ሚስቴ ሰናይት የመጀመሪያ ልጃችንን ከወለደች ገና ሁለት ሳምንቷ ነበር። አራስ ባለበት ቤት ብረት ልትቀጠቅጥ ነው ወይ ብላ ጮኸችብኝ። እውነቷን ነው። እኔ ግን ምናለሽ ተራ ሄጄ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራና ያረጀ የመጋዝ ምላጭ ይዤ መጣሁ። የባቡር ሐዲድ ቁራጭም አገኘሁ፣ እሱ ላይ ነው የምቀጠቅጠው። የመኪና ቸርኬ ውስጥ ጭቃ ለጥፌ ምድጃ ሠራሁ። እሳቱን የማናፋበት የሰናይት የፀጉር ማድረቂያ ነበር። ለሠርጓ የተሰጣት ነው፣ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ቪዲዮው ላይ ፈረንጁ ብረቱ እንዲጣበቅ ነጭ ዱቄት ይነሰንስበታል። የዱቄቱን ስም ይናገራል፣ የእኔ እንግሊዝኛ ግን የሱቅ እንግሊዝኛ ናት። ነጭ ዱቄት፣ ነገር የሚያጣብቅ፣ ምን ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩና ቤኪንግ ፓውደር ገዛሁ። አትሳቁ። ያን እየነሰነስኩ አንድ ጆንያ ከሰል ጨረስኩ። ብረቶቹ በመታኋቸው ቁጥር ይላቀቃሉ። ግቢው ሥራ አገኘ፣ ከሥራ ስገባ ደማስቆ መጣ ነው የሚሉኝ።

እትዬ ዘነበች የመጡት ያን ጊዜ ነው። ግቢው ውስጥ ከሁላችንም በፊት የገቡ፣ ስድሳን ያለፉ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። ሥራቸው የድግስ ወጥ መሥራት ነው። ከአብነት እስከ ጭድ ተራ ድግስ ያሰበ ሰው መጀመሪያ እሳቸውን ያስይዛል፣ ድንኳኑ ከዚያ በኋላ ነው። ምላሳቸው አይጣል ነው፣ ሽንኩርት አልደቀቀም ብለው ስንት ሙሽራ አስለቅሰዋል። እጃቸው ግን ማር ነው። ሰናይት ስትወልድ ገንፎውን ያገነፉት እሳቸው፣ ልጃችንን መጀመሪያ ያጠቡት እሳቸው ናቸው።

እሑድ ከሰዓት ነበር። ግቢው ግማሹ ዕድር፣ ግማሹ ለቅሶ ሄዷል። ከማድ ቤቱ ኋላ ስቀጠቅጥ መጥተው ቆሙና ይሄ የምትነሰንስበት ምንድን ነው አሉኝ። ነገርኳቸው። «ብረቱን ልትጋግረው ነው?» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ሳቃቸው ሲያልቅ ግራ ቀኝ አዩ። ሰው የለም። አጠገቤ ቁጢጥ አሉ።

ዱቄቴን ደፉት። ከግንባታ የተረፈ ደቃቅ አሸዋ በወንፊት አስነፍተው እሱን ነስንስ አሉኝ። ብረቱን ከእሳት ላወጣ ስል እጄን ያዙኝ። ገና ነው፣ ብረቱ ሳያልበው አይጣበቅም አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ ሳየው ነው። ብረቱ ከቀይ ወደ ብርቱካን፣ ከብርቱካን ወደ ቢጫ ሄደና ላዩ ቅቤ የተቀባ መሰለ። እውነትም አላበው። አሁን አሉኝ። በሙሉ ኃይሌ ልመታ መዶሻዬን ሳነሳ ደግሞ ተቆጡ። መጀመሪያ ሕፃን ስታስገሳ ጀርባውን እንደምትመታው ነው፣ ግርፊያው በኋላ ይደርሳል አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግኩ። እስከዚያ ቀን ስመታው እንደተሰነጠቀ ድስት ነበር የሚጮኸው። ያን ቀን ድምፁ አንድ ሆነ። ብረቶቹ ተጣብቀው ነበር።

ሦስት እሑድ እንደዚያ ሠራን። እኔ ስቀጠቅጥ እሳቸው የእሳቱን ቀለም ያያሉ። በሦስተኛው እሑድ መዶሻውን ተቀበሉኝና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። አሥር ጊዜ ያህል መቱ። እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም። «ወናፉን የምነፋው እኔ ነበርኩ» አሉ። «ወንድሜ ሰነፍ ነው፣ አባታችን ከሱ እኔን ነበር የሚያምኑት።»

ከዚያ መዶሻውን መለሱልኝ፣ ቧንቧው ጋ ሄደው እጃቸውን ደጋግመው ታጠቡ። ሲመለሱ ፊታቸው ሌላ ነበር። ሰው ማን አሳየህ ካለህ ስልኬ ላይ አየሁ በል አሉኝ። እሺ አልኳቸው።

ትሕትና መስሎኝ ነበር ብል ግማሹ ውሸት ነው። እዚህ አገር ያደገ ሰው አባት፣ ብረትና ወናፍ የሚባሉ ቃላት አንድ ላይ ሰምቶ ነገሩ አይጠፋውም። ቀጥቃጭ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል፣ ከሱ ጋር አይጋቡም፣ ከእጁ አይበሉም ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እኔ ግን ይሄ ድሮ ቀረ፣ የገጠር ወሬ ነው የምል ዘመናዊ ነኝ ባይ ነበርኩ። እዚህ መርካቶ ማን ማንን ዘርህ ምንድን ነው ይለዋል ብዬ ነበር የማስበው።

ቢላው አለቀ። አቼቶ ውስጥ ነክሬ አሳደርኩትና ጠዋት ሳወጣው ያ የሞገድ መስመር ወጥቶበታል። ብቻዬን ቆሜ ሳቅኩ። ልጄ ሲወለድ እንኳ እንደዚያ አልሆንኩም፣ ሰናይት ይህን እንዳታነብ። ግቢውን በሙሉ እየዞርኩ አሳየሁ። እትዬ ዘነበች ዘንድ ስደርስ በአውራ ጣታቸው ስለቱን ዳሰሱት፣ አገላብጠው አዩትና ጥሩ ነው አሉ። ከእሳቸው አፍ ይሄ ብዙ ነው።

በሳምንቱ እሑድ ጋሼ ሽፈራው የልጅ ልጃቸውን ክርስትና አስነሱ። ጋሼ ሽፈራው ጎማ ነጋዴ ናቸው፣ የዕድራችን ሰብሳቢ፣ የግቢው ትልቅ ሰው። በሬ ታረደ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን እንደ ወትሮው በግ በሌላ ቢላ በራሳቸው ሰው ታረደ፣ ድስቱም ሠሪውም ለብቻ ነው፣ እዚያው ድንኳን ውስጥ አጠገብ ለአጠገብ ይበላል። ማንም በማንም ቅር ብሎት አያውቅም። ለዚህ ሁሉ መላ ነበረን። የእኛን ወገን ወጥ እትዬ ዘነበች ከሁለት ቀን በፊት ጀምረው ሲሠሩ ሰንብተዋል።

ጋሼ ሽፈራው ቁርጡን በዚያ ቢላህ ቁረጥልን አሉኝ። የጠበቅኩትም ይህን ነበር። ሥጋው ላይ ሳሳርፈው ራሱ ነው የሚወርደው። ቢላው ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ደማስቆ ጳውሎስ የሄደባት አይደለችም ወይ አለ አንዱ። ከውጭ ያስመጣኸው ነው እንጂ አንተ አልሠራኸውም አለ ሌላው። ሁለት መለኪያ አረቄ ጠጥቻለሁ። ያን ያህል ሰው እኔን ሲያይ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው።

ጋሼ ሽፈራው ቢላውን እያገላበጡ፣ እንዲህ ያለ ነገር ሰው ካላሳየው ከስልክ አይማርም፣ እውነቱን ንገረን ማን አሳየህ አሉኝ።

ልክ ያን ጊዜ እትዬ ዘነበች የወጥ ድስት ታቅፈው ድንኳኑ በር ላይ ደረሱ። ሳያቸው ልቤ ሞላ። ሁሉ ሰው ፊት ላከብራቸው ፈለግኩ። ሁልጊዜ ወጥ ብቻ ነው የሚመሰገንላቸው፣ ዛሬ ሌላውን ይወቁላቸው አልኩ በልቤ። ስልኬ ላይ አየሁ በል ያሉኝ ትዝ ብሎኛል። ትዝ እያለኝ ነው የተናገርኩት።

«እትዬ ዘነበች ናቸው ያስተማሩኝ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። «አባታቸው ዘንድ ወናፍ እየነፉ ነው ያደጉት። የዘር ሙያ ነው፣ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም።»

ሁለት ሦስት ሰው ሊያጨበጭብ እጁን አንስቶ ነበር። እጃቸው አየር ላይ ቀረ።

ጋሼ ሽፈራው አልጮኹም፣ አልተቆጡም። ቀስ ብለው፣ ሰው ጤናውን እንደሚጠየቅ አድርገው፣ «ዘነበች፣ አባትሽ ቀጥቃጭ ነበሩ?» አሉ። ሁልጊዜ እትዬ ነበር የሚሏቸው።

እትዬ ዘነበች እኔን አዩኝ። መካድ ይችሉ ነበር። ይሄ ልጅ ሰክሯል ቢሉ ሁሉም ይስቅና ያልፍ ነበር፣ እኔም እምልላቸው ነበር። አልካዱም።

«አዎ» አሉ። «ማረሻ ይሠሩ ነበር። ቢላም ይሠሩ ነበር።» ድስቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ወጡ ሳይበርድ ብሉ» ብለው ወጡ።

የበላ የለም። ማንም ሳህኑን አልወረወረም፣ ማንም አልተሳደበም፣ እኛ ሰው አናሳፍርም። አንዱ ጠገብኩ አለ፣ አንዱ ጨጓራዬ ነው አለ። አንዷ ሴትዮ የጎረሰችውን በናፕኪን አውጥታ ወንበር ሥር ጣለች። የክርስትናው ልጅ እናት ሕፃኑን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ውስጥ ገባች። ወጡ እንደተቆለለ ቀዘቀዘ። ቢላዬን ግን ማንም አልተጠየፈም፣ ቁርጡ ሲቆረጥበት ዋለ። እኔንም ማንም ቀጥቃጭ አላለኝም። እኔ ጎበዝ ነው የተባልኩት።

በማግስቱ ልጃችን ሲያለቅስ ዋለ። የሁለት ወር ልጅ ያለቅሳል፣ ሌላ ሥራ የለውም። ሰናይት ግን እትዬ ዘነበች አቅፈውታል፣ አጥበውታል፣ ፊቱን አይተው እንዴት ያምራል ብለዋል እያለች እየቆጠረች ታለቅስ ጀመር። ያልሠለጠንሽ ብዬ ሰደብኳት። ስሰድባት ግን የልጁን ግንባር ትኩሳት አለው ወይ እያልኩ በእጄ እለካ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ለምሳ ቤት መጥቼ ሳለ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ዘነበች ናቸው፣ አጥሚት በጎድጓዳ ሳህን ይዘዋል። እሑድ ዕለት አራሷ ገርጥታ አየኋት፣ ትኩሱን ጠጪው በላት አሉኝ። ስለ ድንኳኑ አንድ ቃል አላነሱም። እግዜር ይስጥልን እትዬ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኩ። ጎንበስም ብያለሁ።

ሰናይት አልነካውም አለች። እኔ ልጠጣው እችል ነበር። ስንት ዓመት ከእጃቸው በልቻለሁ፣ ታምሜ አፌ ላይ አጉርሰውኛል። ሳህኑን ወደ አፌ አስጠጋሁት። ሽታው ያው የድሮው ነው። ዘመናዊው ሰውዬ ግን፣ ፈረንጅ በስልክ የሚያስተምረው ሰውዬ፣ አንድ ጉንጭ አልወርድ አለኝ።

ሳህኑን ይዤ ከማድ ቤቱ ኋላ ወዳለው ቦይ ሄድኩ፣ እሑድ እሑድ አብረን ብረት የምንቀጠቅጥበት ቦታ ማለት ነው። ሰው አለመኖሩን አየሁና ደፋሁት። ዞር ስል እትዬ ዘነበች የከሰል ማዳበሪያቸውን ይዘው ቆመዋል።

ባዶውን ሳህን ከጀርባዬ ደበቅኩ። እሳቸው ቀረብ አሉና እጃቸውን ዘረጉ።

«ሳህኑን ስጠኝ» አሉ። «እኔው አጥበዋለሁ።»

ሁልጊዜ ልጄ ነበር የሚሉኝ። ያን ቀን አላሉኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነው በዝግታ ነው። ማንም አልሰደባቸውም፣ ቢሰድባቸው እሳቸው መልስ አያጡም ነበር። ጥሪው ዝም ብሎ ቀረ። ለሠርግ ያስያዟቸው ሰዎች አንድ በአንድ መጡና እርስዎ ደክመዋል፣ ዘንድሮ ይረፉ አሏቸው። ወሬው በአንድ ለአምስቱ ስብሰባ ሳይሆን አይቀርም የወጣው፣ በሳምንቱ አብነት ደርሷል። ለቅሶ ቤት ሲገቡ አግዳሚው ላይ ቦታ ይለቀቅላቸዋል፣ እንዳይነኳቸው። ቧንቧው ጋ ሲመጡ ሴቶቹ እትዬ ይቅደሙ ይላሉ፣ ከዚያ የቧንቧውን አፍ በሳሙና ያጥቡታል። ለበግና ለበሬ መላ ስናገኝ ኖረን ለእሳቸው መላ የፈለገ አልነበረም። ለልጆች መጥፎ ነገር እንዳይደርስ ነው፣ እሳቸውንማ እንወዳቸዋለን ይሉ ነበር ጋሼ ሽፈራው።

ያስተማሩኝን ሰው እንዲህ አታድርጓቸው ብዬ ለአንድ ሰው እንኳ አልተናገርኩም። መሐል ብገባ እኔንም ከእነሱ ነው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ልጄም ያድጋል፣ ነገ ትዳር አለበት ብዬ አሰብኩ። የሁለት ወር ልጅ ነው እኮ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ዕቃቸውን በአይሱዙ ጭነው ሄዱ። እነዚያን ትልልቅ ድስቶች ብቻቸውን ነው ያወጡት አሉ። እኔ ያን ቀን ሱቅ ነበርኩ። እንደሚሄዱ ስለማውቅ በጠዋት ነው የወጣሁት። ልጃችን ምንም አልሆነም፣ ያን ጊዜ የነበረው የሆድ ነፋት ነው።

ከሦስት ዓመት በኋላ የሥራ ባልደረባዬ አገባና ከተማው ዳር ካለ ኮንዶሚኒየም ሠርግ ተጠራሁ። ተሰልፌ ሳህኔን ስዘረጋ ጭልፋውን የያዙት እትዬ ዘነበች ናቸው። ከስተዋል። ጭልፋው ድስቱ ላይ እንዳለ ቀረ።

ጠልተው ቢያዩኝ ይሻለኝ ነበር። ፈሩኝ። ያ ማንንም ሙሽራ የሚያስለቅስ ሰው እኔን ሲያይ ከንፈሩ ደረቀ። እዚያ ሰፈር የሚያውቃቸው የለም፣ እንደገና ጀምረዋል፣ እኔ ደግሞ ሳህን ይዤ ፊታቸው ቆሜያለሁ። ይቅርታ ልላቸው ሦስት ዓመት ያዘጋጀሁት ነገር ነበረኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

አጠገባቸው የምትረዳቸው የሙሽራው እናት ሁለታችንንም አየችን። «ትተዋወቃላችሁ እንዴ?» አለችኝ።

«አይ» አልኩ። «አላውቃቸውም።»

እትዬ ዘነበች ትንፋሻቸውን ለቀቁ። እንደ ማንኛውም ሰው አንድ ጭልፋ ጨመሩልኝና ከኋላዬ ወዳለው ሰው ዞሩ። ጥግ ይዤ ጠርጌ በላሁ። አንድ ጊዜም ቀና ብለው አላዩኝም።

አሁን ልጄ ትምህርት ቤት ገብቷል። ብረት ከዚያ በኋላ ነክቼ አላውቅም። እጅግ ነው የሚቆጨኝ፣ ቁጭቴን ደግሞ ይዤው ሄጄ ላወርድበት የምችል ቦታ የለኝም። ፈልጌ ባገኛቸው፣ በራቸውን ባንኳኳ፣ እግራቸው ላይ ብወድቅ፣ ጎረቤት ይሄ ሰው ከየት ነው የሚያውቅሽ ይላቸዋል። ስለዚህ አልሄድም። እትዬ ዘነበች ያልኳችሁም ስማቸው አይደለም። ስማቸውን ሰው ፊት ሁለተኛ አልጠራም።